የቤት ቁጥጥሩን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

የአሜሪካ ከተሞች የቁጥጥር ክፍያና የንግድ ግብር በአነስተኛ አከራዮች ትከሻ ላይ

ቤት ገዝቶ ማከራየት ከንግድ ሁሉ የተረጋጋ ነው የሚለው እምነት በነጋዴው ዘንድ የቆየ ነው። ዕቃው አይነቅዝም፣ መጋዘን አይፈልግም፣ ወር ሲሞላ ገንዘቡ ይመጣል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትልና በኦክላንድ ኑሯቸውን ከመሠረቱ ኢትዮጵያውያን መካከልም ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙትን ቤት ምድር ቤት ለይተው የሚያከራዩ፣ ወይም ሁለተኛ ቤት ጨምረው ለጡረታ ዘመናቸው መደጎሚያ ያደረጉ አሉ።

ይሁን እንጂ ባንኩ የብድሩን፣ ከተማው የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱም አረቦኑን ከወሰዱ በኋላ በኪራዩ ላይ ሁለት ተጨማሪ እጆች ይዘረጋሉ። አንደኛው ቤቱ ለሰው መኖሪያ ብቁ መሆኑን ለሚመረምረው ተቆጣጣሪ ማንቀሳቀሻ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ማከራየትን እንደ ማንኛውም ንግድ ቆጥሮ የሚጣለው ግብር ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ብዙ አይመስሉም። ነገር ግን የሚሰሉበት ስልት ባለ ሁለት ክፍሉን አከራይ ባለ አርባ ክፍል ሕንፃ ካለው ይልቅ የሚያከብድበት ጊዜ አለ። ክብደቱ ሲበዛም አንዳንዱ ከመዝገብ ውጭ ማከራየትን ይመርጣል። ቁጥጥሩ ሊደርስበት ያልቻለው ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው ከመዝገብ ውጭ ያለው ቤት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2019 ማለዳ በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ ክፍል በኬኔዲ ጎዳና በሚገኝ አንድ ቤት ላይ እሳት ተነሳ። ቤቱ ተገቢው ፈቃድ ሳይኖረው በትናንሽ ክፍሎች ተሸንሽኖ ለብዙ ሰዎች ይከራይ ነበር። በቃጠሎው አንድ ጎልማሳና አንድ የ9 ዓመት ልጅ ሕይወታቸው አለፈ። ሁለቱም ከኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ ነበሩ። አደጋው ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ በማርች 2019፣ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ቤቱን አይቶ አደገኛነቱን ለሚመለከታቸው የከተማው መሥሪያ ቤቶች አሳውቆ ነበር። ጥቆማው ግን ተቆጣጣሪ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሳይመረምር ቀረ። ከንቲባዋ ገለልተኛ ምርመራ ያዘዙት ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ ዲሴምበር 2 ቀን 2016 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ «ጎስት ሺፕ» በሚል ስም ይታወቅ በነበረ መጋዘን ውስጥ በተነሳ እሳት 36 ሰዎች ሞተዋል። መጋዘኑ ለመኖሪያነት ሳይፈቀድ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የኦክላንድ ከተማ በ2020 ክሱን በስምምነት ለመጨረስ 32.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለቁጥጥር ያልወጣ ገንዘብ በካሳ መልክ እጥፍ ድርብ ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ተቆጣጣሪዎቹ ለምን በወቅቱ አልደረሱም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ነዋሪው በሩን አልከፍትም ካለ ተቆጣጣሪው በጉልበት መግባት አይችልም፤ የፍርድ ቤት ማዘዣ ማውጣት አለበት። ማዘዣ ለማውጣት ሰነድ፣ ጠበቃና ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። በጀቱ የሳሳ መሥሪያ ቤት በሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ ካልተከፈተ ፋይሉን ወደ ጎን አድርጎ ወደሚከፈትለት በር ቢሄድ የሚያስገርም አይሆንም። የሚከፈተው በር ደግሞ ፈቃድ ያወጣው፣ አድራሻው የሚታወቀውና ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳው አከራይ በር ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከተሞች የቤት ቁጥጥርን ወጪ የሚሸፍኑባቸው መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከጠቅላላው የከተማ በጀት መመደብ ነው። በዚህ ስልት ሁሉም ግብር ከፋይ ስለሚያዋጣ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ቀላል ነው። ሆኖም የከተማው ገቢ ሲቀንስ ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር የሚሻማ በመሆኑ የተቆጣጣሪው ቁጥር አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው እያንዳንዱን የሚከራይ ክፍል ቆጥሮ ባለቤቱን ማስከፈል ነው። ገንዘቡ ለቁጥጥር ብቻ የሚውል በመሆኑ በጀቱ የተረጋጋ ነው፤ ሸክሙ ግን ከከተማው ሕዝብ ላይ ወርዶ በአከራዩና በተከራዩ ላይ ያርፋል።

የሁለተኛው ስልት ዋነኛ ምሳሌ ሎስ አንጀለስ ናት። በከተማዋ ቁጥጥር የሚደረገው ቀደም ሲል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ያስወጣኛል ብሎ የሚፈራ ተከራይ አቤት ስለማይል እጅግ የተጎሳቆሉት ሕንፃዎች ሳይታዩ ይኖሩ ነበር። በ1997 የተጎሳቆሉ ቤቶችን ጉዳይ ያጠና የዜጎች ኮሚቴ ችግሩን ይፋ ካደረገ በኋላ ከተማዋ በ1998 ተራ ጠብቆ የሚካሄድ የቁጥጥር ሥርዓት አቋቋመች። ሥርዓቱ ሁለትና ከዚያ በላይ የኪራይ ክፍሎች ያሏቸውን ቤቶች የሚያካትት ሲሆን፣ አቤቱታ ቀረበም አልቀረም ተቆጣጣሪው በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል። ክፍያው ለረጅም ጊዜ በዓመት ለአንድ ክፍል 43 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነበር። ከ2020 በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ 67 ዶላር ከ94 ሳንቲም ከፍ ብሏል።

ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያለው ሰው በዚህ ተመን 135 ዶላር ከ88 ሳንቲም ይከፍላል። አከራዩ ከክፍያው ከፊሉን በወርኃዊ ኪራይ ላይ አድርጎ ከተከራዩ እንዲቀበልም ከተማዋ ትፈቅዳለች። ስለዚህ ክፍያው ብቻውን ማንንም አያከስርም። የሚከብደው ከክፍያው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተቆጣጣሪው የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የማይሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ ካገኘ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲጠገን ያዛል። ትልቁ ኩባንያ በደመወዝ የሚያሠራው ጠጋኝ ስላለው ትእዛዙ ከዕለት ሥራው አንዱ ነው። አነስተኛው አከራይ ግን ከሥራው ቀርቶ በር ይከፍታል፣ ባለሙያ ፈልጎ በገበያ ዋጋ ይከፍላል፣ ለድጋሚ ምርመራም ሌላ ቀን ይቀራል። በታክሲ ነጂነት ወይም በሆስፒታል ተረኝነት ለሚተዳደር ሰው የቀረው ቀን ራሱ ዋጋ አለው።

ሲያትል ደግሞ ለየት ያለ መንገድ መርጣለች። በ2012 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ቤት ብቻ የሚያከራየውም ጭምር እንዲመዘገብ ይገደዳል፤ የተመዘገበው ቤት ቢያንስ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራል። ባለቤቱ የከተማውን ተቆጣጣሪ ወይም ብቃቱ የታወቀ የግል መርማሪ የመምረጥ መብት አለው። በዚህ መልክ ከተማዋ የቁጥጥሩን ከፊል ሥራ ለገበያው ትታለች። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የንግድ ግብርም ከረጅም ጊዜ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ላይ ስለማይሰበሰብ፣ የሲያትል አከራይ በዚህ በኩል ከዲሲና ከኦክላንድ አቻዎቹ የተሻለ ዕድል አለው።

ኪራይ እንደ ንግድ ሲቆጠር

የንግድ ግብሩ ከቁጥጥር ክፍያው ይለያል። ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው የከተማ ካዝና የሚገባ እንጂ ለተቆጣጣሪ የተለየ አይደለም። አከራዩ ግን ሁለቱንም የሚከፍለው ከአንድ ኪስ ነው። የግብሩ ክብደት ደግሞ በመቶኛው ማነስና መብዛት ብቻ ሳይሆን ከምን ላይ እንደሚሰላ በማየት ይለካል።

በኦክላንድ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ግብር የሚሰላው ከትርፍ ላይ ሳይሆን ወጪ ሳይቀነስ ከጠቅላላው የኪራይ ገቢ ላይ ነው። ተመኑ ከየ1,000 ዶላሩ 13 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቤት በወር 2,500 ዶላር ቢከራይ የዓመቱ ገቢ 30,000 ዶላር፣ ግብሩም 418 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ቤቱን በቅርቡ በባንክ ብድር የገዛ ሰው ወጪውን ሁሉ ከፍሎ 3,000 ዶላር ቢተርፈው፣ ግብሩ ከትርፉ ወደ 14 በመቶ የሚጠጋውን ይወስድበታል። ብድሩን ከፍሎ የጨረሰው ጎረቤቱ ከዚያው ኪራይ 18,000 ዶላር ቢተርፈው ግብሩ ከትርፉ ከ2 በመቶ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ቀረጥ ጣዩ ሁለቱን እኩል ያያቸዋል፤ ገበያው ግን እኩል አላደረጋቸውም።

በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ስሌቱ ከትርፍ ላይ ነው። ኩባንያ ሳያቋቁም በግል ስሙ የሚያከራይ ሰው ከከተማዋ የሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ በዓመት ከ12,000 ዶላር ከበለጠ «ዲ-30» በተባለው ቅጽ የንግድ ግብር ማስታወቅ ይኖርበታል። ተመኑ 8.25 በመቶ ነው። ከትርፉ ላይ ባለቤቱ ለደከመበት እስከ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም 5,000 ዶላር እንዲቀነስ ይፈቀዳል። ይህ ለአነስተኛው አከራይ የታሰበ ይመስላል። ነገር ግን ትርፍ ኖረም አልኖረም የማይቀር ዝቅተኛ ግብር አለ። ገቢው 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ 250 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 1,000 ዶላር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ሰው ሁለት ክፍሎችን እያንዳንዳቸውን በወር በ2,000 ዶላር ቢያከራይ በዓመት 48,000 ዶላር ያገኛል። የብድር ወለድ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና የቤቱ የእርጅና ተቀናሽ በድምሩ 40,000 ዶላር ቢሆን 8,000 ዶላር ይቀረዋል። ከዚህ ላይ 2,400 ዶላር የድካም ዋጋና 5,000 ዶላር ሲቀነስ ግብር የሚከፈልበት 600 ዶላር ብቻ ነው። በ8.25 በመቶ ሲሰላ 49 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። የሚከፍለው ግን 250 ዶላር ነው። ለአንድ ክፍል 125 ዶላር ደረሰ ማለት ነው።

በአንጻሩ 40 ክፍሎችን በዚሁ ዋጋ የሚያከራይ ባለሕንፃ የዓመት ገቢው 960,000 ዶላር ነው። በወለድና በእርጅና ተቀናሽ ምክንያት በወረቀት ላይ ትርፍ ከሌለው እርሱም የሚከፍለው ያንኑ 250 ዶላር ነው። ለአንድ ክፍል ሲካፈል 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ለትንሽ ቤት የሒሳብ ባለሙያ የሚጠይቀው ዋጋም በክፍል ብዛት የሚወሰን ስላልሆነ ልዩነቱን የበለጠ ያሰፋዋል።

ባለሕንፃው በርግጥም ካተረፈ ብዙ ይከፍላል። ባለ ሁለት ክፍሉም ትርፉ 20,000 ዶላር ቢደርስ ግብሩ 742 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛው ግብር ትርጉም ያጣል። የዲሲ ነዋሪ የሆነ ሰው በዚህ ቅጽ ግብር የከፈለበትን ገቢ ከግል የገቢ ግብር ማስታወቂያው ላይ መቀነስ ስለሚችል ሁለቴ አይከፍልም። የሚጎዳው በመሐል ያለው ነው፤ ቤት አለው እንጂ ትርፍ የሌለው።

መብቱን ያላስመዘገበ መብት የለውም

የከተማው ሕግ አነስተኛውን አከራይ ፈጽሞ አልዘነጋውም። በዲሲ የኪራይ ዋጋ ቁጥጥር አለ። ይሁንና በግለሰብ ስም የተያዙ አራትና ከዚያ በታች ክፍሎች ያሉት አከራይ ከዋጋ ጣሪያው ነጻ ነው። ወጪ ሲጨምርበት ኪራዩን በገበያው መሠረት ማስተካከል ይችላል። ይህ ከ250 ዶላሩ ግብር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ነጻነቱ በራሱ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ የኪራይ ጉዳዮችን በሚመለከተው የከተማው ክፍል ቀርቦ ነጻ መሆኑን ማስመዝገብ አለበት። ካላስመዘገበ ቤቱ በዋጋ ቁጥጥር ሥር እንዳለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ክስ ቢመጣ የግል ንብረቴ እንዳይነካ በሚል ቤቱን ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ስም ማዞር ነው። ብዙ አማካሪዎች የሚመክሩት ይህ እርምጃ በዲሲ ቤቱን ከ«ግለሰብ ባለቤት» ተርታ ስለሚያወጣው ነጻነቱ ይቀራል። ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ ስም ማዞር አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላውን መክፈት ነው።

ፈቃዱም እንዲሁ ነው። በዲሲ አንድ ክፍል የሚያከራይም ቢሆን የንግድ ሥራ ፈቃድ ማውጣትና በየጊዜው ማደስ አለበት። ፈቃድ ለማግኘት ለከተማው ያለበትን ዕዳ ማጽዳት ይጠበቅበታል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ ብቻ ያዩታል። ነገር ግን ተከራዩ ኪራይ አልከፍልም ብሎ ቢቀመጥ፣ የጸና ፈቃድ የሌለው አከራይ ለማስለቀቅ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ክሱ አይቀበሉትም። ለፈቃድ የቆጠበው ገንዘብ በወራት ኪራይ ይተካል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚደርሰው በተመዘገበው ላይ ነው። ምድር ቤቱን ያለፈቃድ ከፋፍሎ በጥሬ ገንዘብ የሚያከራየው ሰው የቁጥጥር ክፍያም፣ የንግድ ግብርም አይከፍልም። ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ተከራይ ይስባል፤ ከፋዩን ጎረቤቱን በገበያ ይወዳደረዋል። ከተማው በጀት ሲያጥረው በመዝገብ ባሉት ላይ ክፍያ ሲጨምር፣ በሕጋዊውና በሕገወጡ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ይሰፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

የተደበቀው አከራይ ግን አተረፈ ማለት አይደለም። ቤቱ የባለቤቱ መኖሪያ ነው ተብሎ ኢንሹራንስ ተገብቶለት ተከራይ ከተገኘበት ኩባንያው ካሳውን ሊከለክል ይችላል። ባለቤት ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠውን የንብረት ግብር ቅናሽ ለቆ በወጣበት ቤት ላይ ሲወስድ የኖረ ሰውም ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊጠየቅ ይችላል። ሰው ከሞተ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ወንጀል ይሄዳል።

የዲሲ ከተማ የፈቃዱንና የቁጥጥሩን ሥራ ደርቦ ይዞ የነበረውን መሥሪያ ቤት ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ለሁለት ከፍላዋለች። አንዱ ሕንፃዎችን ይቆጣጠራል፣ ሌላው ፈቃድ ይሰጣል። ቅጣት እየሰበሰቡና በባለቤቱ ስም ጠግነው ዕዳውን በቤቱ ላይ እያስመዘገቡ ከፊል ወጪን መመለስ እንደሚቻልም በሥራ ላይ የዋለ ስልት ነው። ይህ ስልት ሸክሙን ከታዛዡ ወደ አጥፊው ያዞረዋል። ይሁንና አጥፊውን ለማግኘት መጀመሪያ የተዘጋውን በር የሚያስከፍት ሰውና በጀት ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት

ደላላ ለገዢ የሚያቀርበው ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩንና የባንኩን ክፍያ ብቻ ጎን ለጎን ያሳያል። ጠንቃቃ ገዢ ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ይጨምራል። ከተማው ግብሩን የሚያሰላው ከጠቅላላ ገቢ ነው ወይስ ከትርፍ? ዝቅተኛ ግብር አለ ወይ? የቁጥጥር ክፍያው በክፍል ነው ወይስ በቤት? ከተከራይ መቀበልስ ይፈቀዳል? ምድር ቤቱ ለመኖሪያ የተፈቀደ ነው ወይስ ሻጩ በራሱ የከፋፈለው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ያልተፈቀደ ክፍል ኪራይ በዋጋው ውስጥ ተሰልቶ ከተገዛ ገዢው የገዛው ገቢውን ሳይሆን የሻጩን ጥፋት ነው።

ጥያቄው ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም አስገድዷል። የአዋጁ ዋና ትኩረት ዋጋና ውል ሲሆን፣ መዝገቡ አከራዩን ለግብር ሰብሳቢውም የሚታይ ያደርገዋል። በግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ ጡረተኛና ፎቅ የሚያከራይ ባለሀብት በአንድ መዝገብ ላይ ይሰለፋሉ። ነገ የእሳት መከላከያ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የፍሳሽ ሁኔታ ይመርመር ቢባል፣ ወጪው በክፍል ይቆጠር፣ በገቢ ይመዘን፣ ወይስ ከከተማው በጀት ይውጣ የሚለው ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ሒሳቡ ለተመዘገበው ብቻ ከተላከ፣ ያልተመዘገበው ክፍል መብዛቱ አይቀርም።